አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታኅሣሥ 18 ሲደርስ የብዙ ሰው ልብ ቁልቢ ነው። በማግሥቱ ቅዱስ ገብርኤል ስለሚነግሥ ያቺ ቀን የዋዜማ ቀን ትሆናለች። ግን 18 የራሷ በዓል አላት። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ የተሾመበት መታሰቢያ ነው። ስለ እርሱ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በቤት ጨዋታም፣ በስልክም የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። አንዳንዶቹ የዋህ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ክርክር ያዘሉ ናቸው። ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ያልኩበት ቦታ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አባ ሰላማና ፍሬምናጦስ አንድ ሰው ናቸው?

አዎ። ፍሬምናጦስ የልጅነት ስሙ ነው። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን፣ ማለትም ብርሃን ገላጭ፣ የተባለው እዚህ፣ በእኛ ሀገር፣ ሕዝቡ ካወቀውና ከወደደው በኋላ ነው። ትውልዱ ከጢሮስ ነው። ጢሮስ ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በዚያን ጊዜ በሮም መንግሥት ሥር ነበረች። የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

እንዴት ብሎ አክሱም ደረሰ?

በፍላጎቱ አልመጣም። ተማርኮ ነው የመጣው።

ታሪኩን በዝርዝር የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው። የጻፈው ከ400 እ.ኤ.አ. ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ምንጩ ማን እንደሆነም ይናገራል። ጢሮስ ላይ ቄስ ከሆነው ከኤዴስዮስ፣ ማለትም ከፍሬምናጦስ ጋር አብሮ ከተማረከው ሰው፣ በጆሮው የሰማው ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለው የዓይን ምስክር ቃል ነው። ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ ሀገር ለማየት ይነሣል። ሀገሩን ሩፊኖስ “ህንድ” ይለዋል። ያን ጊዜ ሮማውያን ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን ሁሉ በጅምላ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። መሮጵዮስ ሁለት የዘመድ ልጆች ይዞ ነበር፤ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን። ኤዴስዮስን በእኛ ትውፊት ሲድራኮስ የሚሉትም አሉ። ልጆቹን በመንገድ ላይ እያስተማረ ነበር የሚጓዘው።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ውሃና ስንቅ ለመያዝ አንድ ወደብ ላይ ቆመች። በዚያ ወቅት የአካባቢው ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበር። ውል ሲፈርስ ደግሞ ያገኙትን ሮማዊ አይምሩም። መርከቧ ላይ የነበሩትን በሙሉ ገደሉ፤ መሮጵዮስም ሞተ። ልጆቹ ግን መርከቧ ላይ አልነበሩም። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች አዘኑላቸው። ገድለው አልጣሏቸውም፤ ወስደው ለንጉሡ አቀረቧቸው።

የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ የምናነብበት የእኛ ስንክሳርም ታሪኩን የሚተርከው በዚሁ መንገድ ነው። ንጉሡን አልኤዳ ይለዋል። አንዳንድ ዝርዝሮች ይለያያሉ፤ ዋናው ሐረግ ግን አንድ ነው። ከባሕር ማዶ በላቲን የተጻፈውና በእኛ ገዳማት በግእዝ የኖረው ትረካ እንዲህ ሲገጣጠሙ ማየት በጣም ደስ ይላል።

ቤተ መንግሥት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

ከሁሉም ጥያቄዎች የምወደው ይሄንን ነው። አብዛኛው ሰው አባ ሰላማን የሚያስበው አክሊል ደፍቶ፣ መስቀል ጨብጦ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገና ጳጳስ ሳይሆን የሠራው ሥራ ነው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይ መሆኑን አይቶ ሒሳቡንና ጽሕፈቱን ሰጠው። ስንክሳሩ የአክሱም ሕግና መዝገብ ጠባቂ ሆነ ይላል። የሰው ሀገር ልጅ፣ ያውም ምርኮኛ፣ የመንግሥት ገንዘብና ደብዳቤ በእጁ ያልፍ ነበር ማለት ነው። እምነት ካልተጣለበት ይሄ አይሆንም።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለቱንም ነጻ ለቀቃቸው፤ ወደፈለጉበት መሄድ ይችላሉ። እናትና አባት ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ይሄዳል። ንግሥቲቱ ግን ትንሽ ልጅ ይዛ ቀርታ ነበር። ልጁ አድጎ ዙፋኑን እስኪይዝ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ በተለይ ፍሬምናጦስን። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ።

ያን ጊዜ ነው ፍሬምናጦስ ሥራውን የጀመረው። ለንግድ ከሚመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ አጠያየቀና ፈልጎ አገኛቸው። በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት እንዲኖራቸው አደረገ። ቦታ ሰጣቸው፤ የሚያስፈልጋቸውን አሟላላቸው። ስንክሳሩ ደግሞ ልጆችን ሰብስቦ መዝሙር ያስተምር እንደነበር ይጨምራል።

ልብ በሉ፦ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቄስ አልነበረም፤ ዲያቆንም ተብሎ አልተጻፈም። በዛሬው አነጋገር ምእመን ነበር። ሥራ ያለው፣ ቢሮ የሚገባ፣ ደመወዝተኛ ምእመን። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲጣል መጀመሪያ የታየው ከነጋዴዎች ጋር የሚጸልይና ልጆች የሚያስተምር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ አባ ሰላማ ስንሰብክ ይህን ክፍል ባንዘለው እወዳለሁ።

እስክንድርያ ለምን ሄደ?

ልጁ አድጎ ሲነግሥ ሁለቱ ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ለምነዋቸው ነበር። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ሮጠ። ማንም አይፈርድበትም።

ፍሬምናጦስ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ እስክንድርያ ገባ። በዚያ በፓትርያርክነት መንበር ላይ ያለው ሐዋርያዊው አትናቴዎስ ነበር። “እዚያ ሀገር ብዙ ክርስቲያን ተሰብስቧል፤ ጸሎት ቤቶች ተሠርተዋል፤ እረኛ ግን የላቸውም፤ ለቦታው የሚሆን ሰው ፈልገህ ጳጳስ አድርገህ ላክ” አለው። ለራሱ ሹመት አልጠየቀም።

አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ ተማከረና ፈርዖን ስለ ዮሴፍ የተናገረውን ቃል አነሣ፦ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት እንደ አንተ ያለ ሌላ ሰው ከወዴት ይገኛል? ራሱን ፍሬምናጦስን ሾመው። ወደመጣበት እንዲመለስም አዘዘው።

የዮሴፍ ነገር በአጋጣሚ የተነሣ አይመስለኝም። ዮሴፍም በልጅነቱ ወደ ባዕድ ሀገር ተወስዶ፣ ቤተ መንግሥት ገብቶ፣ የንጉሥ ንብረት በእጁ የሆነ ሰው ነው። አትናቴዎስ የፊቱን ሰው ታሪክ ሲሰማ ያ ወዲያው ታወሰው። ልዩነቱ ፍሬምናጦስ ነጻ ከወጣ በኋላ በገዛ እግሩ መመለሱ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ሌሎች አመጡት። ሁለተኛው ጉዞ ግን የራሱ ምርጫ ነበር።

የተሾመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ብዙ ጊዜ 330 ዓ.ም. የሚለው ይገኛል። አትናቴዎስ ፓትርያርክ የሆነው በ328 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሹመቱ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ከተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ወደ 340ዎቹ ይገፉታል። አትናቴዎስ በአርዮሳውያን፣ ወልድ ፍጡር ነው በሚሉት፣ ምክንያት ደጋግሞ ተሰድዷልና በመንበሩ የተቀመጠባቸውን ዓመታት ቆጥረው ነው። በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ግን ፍሬምናጦስ አክሱም ላይ ጳጳስ እንደነበረ ጥርጥር የለውም። ማስረጃውን ከታች እናየዋለን።

አብርሃ ወአጽብሐና ኢዛና ወሳይዛና እነማን ናቸው?

በትውፊታችን አባ ሰላማ ተሾሞ ሲመለስ የተቀበሉት ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በድንጋይ ጽሑፍና በሳንቲም ላይ የምናገኘው ደግሞ ኢዛና ነው፤ ወንድሙ ሳይዛና በጽሑፉ ይጠቀሳል። ብዙዎች ሁለቱን ጥንድ ስሞች የአንድ ሰዎች ስም አድርገው ያያሉ፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የጥምቀት። ሩፊኖስ የንጉሡን ስም አይጠቅስም። ቅዱሳኑ ነገሥታት ጥቅምት 4 ይታሰባሉ። ውቅሮ አጠገብ በስማቸው የሚጠራው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ሰው ይሳለመዋል።

ከእርሱ በፊት ክርስትና በኢትዮጵያ አልነበረም ማለት ነው?

ነበረ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የህንደኬ ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ ሲጠመቅ እናነባለን። ቤተ ክርስቲያናችን የክርስትናዋን መጀመሪያ የምትቆጥረው ከዚያ ነው፤ 34 ዓ.ም.። ከላይ እንዳየነው ፍሬምናጦስም አክሱም ውስጥ ክርስቲያን ነጋዴዎች አግኝቷል። የቀረው ጳጳስ ነው። ጳጳስ ከሌለ ክህነት የሚሰጥ የለም፤ ካህን ከሌለ ቅዳሴ የለም፤ ቁርባን የለም። አባ ሰላማ ያመጣው ይሄንን ነው። “ክርስትናን ማን አመጣ፣ ጃንደረባው ወይስ ፍሬምናጦስ?” እያሉ ሁለቱን ማፎካከር ትርጉም የለውም።

ከሀገራችን ትውፊት ውጭ ስለ እርሱ ማስረጃ አለ?

አለ፤ ያውም የሚያስደንቅ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ራሱ ስለ እርሱ የጻፈው ደብዳቤ አለ።

ንጉሡ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቁንስጣንዮስ ነው። አባቱ የኒቅያን ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. ጠራ፤ ልጁ ግን ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለ ሰው ነበር። አትናቴዎስን በ356 እ.ኤ.አ. ከመንበሩ አሳደደና በምትኩ የቀጰዶቅያውን ጊዮርጊስ አስቀመጠ። (ስሙና ሀገሩ አያሳስታችሁ፤ ይህ ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ አይደለም። ሌላ ሰው ነው፤ አርዮሳዊ።)

ቁንስጣንዮስ በዚያ ብቻ አልቆመም። የአትናቴዎስ እጅ የነካውን ሁሉ ማጽዳት ፈለገ። አክሱም ላይ ደግሞ በአትናቴዎስ የተሾመ አንድ ጳጳስ ነበር። ስለዚህ ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈላቸው። ይዘቱ በአጭሩ፦ ፍሬምናጦስን ቶሎ ወደ እስክንድርያ ላኩት፤ ጊዮርጊስ እምነቱንና ሹመቱን ይመርምር፤ የሾመው አትናቴዎስ በብዙ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ነው፤ እምቢ ካለም የእርሱ ወገን መሆኑ ይታወቃል። ነገሥታቱን “ወንድሞች” እያለ በአክብሮት ነው የጻፈላቸው። ሊያዛቸው አይችልም ነበር፤ አክሱም የሮም ግዛት አልነበረችም።

ይህ ደብዳቤ እንዴት ተረፈ? ያተረፈው አትናቴዎስ ነው። በስደት ላይ ሆኖ ለቁንስጣንዮስ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ሙሉውን አስገባው። ጠላቶቹ እስከ አክሱም ድረስ እጃቸውን መዘርጋታቸውን ለማሳየት ነበር። ለእኛ ግን ሌላ ጥቅም አስገኘ። የፍሬምናጦስ ስም፣ የኢዛና ስም፣ የአክሱም ስምና የአትናቴዎስ ሹመት በአንድ ወረቀት ላይ፣ ነገሩ በተፈጸመበት ዘመን ተጽፈው ተገኙ። ስለ ጥንት ቅዱሳን እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ቁንስጣንዮስ በ361 እ.ኤ.አ. ሞተ። ጊዮርጊስም በዚያው ዓመት እስክንድርያ ውስጥ በሕዝብ ዐመፅ ተገደለ። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን በኒቅያ እምነት ጸናች፤ ከአትናቴዎስ መንበርም አልተለየችም። ዛሬ በቅዳሴ “ወልድ ዋሕድ” ስንል ያ ጽናት አብሮን አለ።

ድንጋዮቹና ሳንቲሞቹ ምን ይናገራሉ?

ድንጋይ አይዋሽም ይባላል። ኢዛና ብዙ የድንጋይ ጽሑፍ ትቷል። በቀደሙት ላይ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ማሕረም የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አክሱም ከተማ ውስጥ ያለው፣ በግሪክ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል የተጻፈው ነው። ተመሳሳይ ቃል ያለው ሌላ ድንጋይም በኋላ ገበሬዎች ሲቆፍሩ አግኝተዋል።

በኋለኞቹ ላይ ማሕረም የለም። ወደ ኖባ ምድር (በዛሬዋ ሱዳን) የዘመተበትን ታሪክ በሚናገረው የግእዝ ጽሑፍ ድል የሚሰጠው የሰማይ ጌታ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ የተገኘው የግሪክ ጽሑፍ ግን የበለጠ ግልጽ ነው፤ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል። ንጉሡ የክርስቶስ አገልጋይ መሆኑንም ይናገራል።

ሳንቲሙም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ከላይ ጨረቃና ክብ ነበረበት። በኢዛና ዘመን እነዚህ ወጥተው መስቀል ገባ። በዓለም ላይ መስቀል ከታተመባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ለውጥ በእጁ ይዞት ይገባ ነበር።

በእነዚህ በአንዱም ላይ የአባ ሰላማ ስም የለም። ንጉሥ በድል ሐውልቱ ላይ የጳጳስ ስም አይጽፍም። ግን ያን የንጉሥ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገው ማን እንደነበር ካወቅን፣ ከማሕረም ወደ ሥላሴ የተኬደው መንገድ በማን እጅ እንደተጠረገ ለመገመት አይከብድም።

ፊደላችንን ያሻሻለው፣ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመው እርሱ ነው?

በትውፊታችን አዎ። ግእዝ መጀመሪያ የሚጻፈው ያለ አናባቢ ነበር፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በፊደሉ ቅርጽ ላይ አይለዩም ነበር። በኢዛና ዘመን የተጻፉትን ድንጋዮች ስናይ ያለ አናባቢ የተጻፈም፣ አናባቢ ያለውም እናገኛለን። ለውጡ በዚያው ዘመን መጥቷል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከአባ ሰላማ ጋር ማያያዟ ያለ ምክንያት አይደለም። መዝሙር ለልጆች የሚያስተምር ሰው በቀላሉ የሚነበብ ፊደል ይፈልጋል።

ተራውን ከአበገደ ወደ ሀለሐመ የለወጠውም እርሱ ነው የሚል አባባል አለ። በዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ጥሩ ነው። በደቡብ ዐረብ ፊደላት በ“ሀ ለ ሐ መ” የሚጀምረው ቅደም ተከተል ከእርሱ በፊት በጣም ቀድሞ የሚታወቅ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ቀጥሏል። በኋላ ከውጭ የመጡት መነኮሳት፣ ዘጠኙ ቅዱሳንም፣ ድርሻ እንዳላቸው ይነገራል። ጅማሬው በአባ ሰላማ ዘመን መሆኑ ግን ከነገሩ ጋር ይሄዳል፤ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ያለ ወንጌልና ያለ ዳዊት ሊቆም አይችልም።

ሌላ አባ ሰላማም አለ እንዴ?

አለ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ከኋለኞቹ ጳጳሳት መካከል በዚህ ስም የተጠሩ አሉ።

አንዱ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አባ ሰላማ መተርጉም ነው። እርሱ ግብፃዊ ጳጳስ ነው። ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ያስተረጎመ፣ የግእዙንም መጽሐፍ ቅዱስ ያስተካከለ ነው። በሰሙነ ሕማማት የምናነበው ግብረ ሕማማት ከእርሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። “አባ ሰላማ መጽሐፍ ተረጎመ” ሲባል ስትሰሙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በሁለቱ መካከል 1000 ዓመት አለ።

ሌላው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት አቡነ ሰላማ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስን ደረስጌ ማርያም ላይ ቀብተው ያነገሡት እርሳቸው ናቸው። በኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው መቅደላ ላይ በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

ከእርሱ በኋላ ጳጳሳቱ ለምን ከግብፅ ብቻ መጡ?

የመጀመሪያው ሹመት ከእስክንድርያ ስለመጣ ልማዱ በዚያው ጸና። በኋላ ደግሞ የኒቅያ ጉባኤ ነው የተባለ አንድ ቀኖና ብቅ አለ፤ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ አይሹሙ የሚል። ይህ ቀኖና ከእውነተኞቹ 20 የኒቅያ ቀኖናዎች ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ሥራውን ሠርቷል። ከ1600 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ።

በዚህ ጉዳይ አባ ሰላማን የሚወቅሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። “በር የከፈተው እርሱ ነው” ይላሉ። ትክክል አይመስለኝም። እርሱ የጠየቀው እረኛ ለሌላቸው ሰዎች እረኛ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ልጆቹን ያሳደገ፣ ከሕዝቡ ጋር የኖረ ሰው ተሾመ። ከዚያ በኋላ ቋንቋ ሳያውቁ ስለተላኩት ጳጳሳት ተጠያቂው እርሱ ሊሆን አይችልም።

በሰማዕትነት ነው የሞተው?

አይደለም። በሰላም ነው ያረፈው።

በዓሉ መቼ ነው የሚከበረው? ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትስ?

በእኛ ሁለት ቀን አለው። ታኅሣሥ 18 በዓለ ሲመቱ (የሹመቱ በዓል)፣ ሐምሌ 26 ደግሞ ዕረፍቱ ነው። የሐምሌው ከአረጋዊው ቅዱስ ዮሴፍ ዕረፍት ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በዕለቱ የሚነበበው ስንክሳር አርኬ፣ ማለትም አጭር የምስጋና ግጥም፣ አለው፤ ጨለማና ጉም በሸፈናት በኢትዮጵያ ላይ የክርስቶስን ብርሃን ያወጣላት እያለ ያወድሰዋል። ማኅሌት ቆማችሁ ከሰማችሁት ሌላ ነገር ነው።

ግሪኮችና ሌሎች የምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ኖቬምበር 30 ያስቡታል። በአዲሱ አቆጣጠር ለሚሄዱት ይህ ቀን ብዙውን ጊዜ የእኛ ኅዳር 21 ነው፤ አክሱም ጽዮን የምትነግሥበት ቀን! የቀን መቁጠሪያ ገጠመኝ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል። ካቶሊኮችም በቅዱስነቱ ያምናሉ፤ በሮም የሰማዕታት መዝገብ ለረጅም ጊዜ ኦክቶበር 27 ላይ ነበር። ሳይከፋፈሉ የነበሩበት ዘመን አባት ስለሆነ ሁሉም የእኔ ይለዋል።

በስሙ የሚጠሩ ቦታዎች የት አሉ?

ተንቤን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ገዳም አለ፤ ገደል ላይ ያለ፣ መውጫው የሚያስፈራ። ዐድዋ አጠገብ ያለችው ፍሬሞና ደግሞ ስሟን ከፍሬምናጦስ ነው ያገኘችው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡት የኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች መቀመጫቸውን በእርሱ ስም ጠሩት። ሃይማኖታቸውን ሕዝቡ አልተቀበለም። መቀሌ ላይ በስሙ የተሰየመ የነገረ መለኮት ኮሌጅ አለ። በቅርብ ዓመታት በትግራይ ያሉ አባቶች ያቋቋሙት መንበርም “መንበረ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን” ተብሏል። አክሱም የሚሄድ ሰው ጽዮንን ሲሳለም እግረ መንገዱን የኢዛናን ድንጋይ ቢያይ መልካም ነው። ያ ድንጋይ ሲቆም ፍሬምናጦስ በከተማዋ ሳይኖር አይቀርም።

ውጭ ሀገር ነው ያለሁት፤ ቀኑን እንዴት ልያዘው?

ሐምሌ 26 ሁልጊዜ ኦገስት 2 ነው። ታኅሣሥ 18 ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 27 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ወደ 28 ይገፋል። የታኅሣሡ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ ዝክር ለማውጣት ያሰበ ሰው የጾም ምግብ ያዘጋጅ። የሐምሌው ከፍልሰታ ጾም በፊት ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ የፍስክ ነው። በፈረንጅ ሀገር አጥቢያዎች የሥራ ቀን ላይ የዋለን በዓል ወደ እሑድ የማዛወር ልማድ አለና አስቀድማችሁ የአጥቢያችሁን ካህን ጠይቁ። ዲሴምበር 27 ላይ ግን የብዙ ሀገር ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ልጆቹን ይዞ ለመሄድ ይመቻል።